የሐረር ቀይ አፈርና በውስጡ ያደረው ማግኔት

በግንብ በታጠረችው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ ወዳለ የሐረሪ ቤት ሲገባ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ግቢው ታልፎ ጊዲር ጋር ወደሚባለው ዋና ክፍል ሲዘለቅ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ግድግዳውን በሞላው ስፌትና ሳህን ላይ ነው። ሙዳዩ በየረድፉ ተሰቅሏል፤ በስንደዶና በአክርማ የተሠራው ጌጥ ከኖራው ነጭ ጋር ያበራል። ትንሽ ቆይቶ ግን ከዚህ ሁሉ በታች የተዘረጋው ቀለም ጎልቶ ይወጣል። በደረጃ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት መቀመጫዎች፣ ሐረሪዎች ነደባ የሚሏቸው፣ ቀይ ናቸው። ነደባዎቹ አምስት ሲሆኑ ማን የትኛው ላይ እንደሚቀመጥ ከጥንት የተደነገገ ነው። አሚር ነደባ ለቤቱ አባወራና ለከበረ እንግዳ ነው፤ ሱትሪ ነደባ ከሰው ዓይን ከለል ያለ ነው።

ቀዩ ለምን እንደተመረጠ የጠየቀ ሰው ከሽማግሌዎቹ የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። በ1879 ዓ.ም. የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ጦር ከምኒልክ ጦር ጋር ጨለንቆ ላይ ገጥሞ ተሸነፈ፤ ከተማዋም ነጻነቷን አጣች። በዚያ ሜዳ የፈሰሰው ደም እንዳይረሳ ቤቱ ቀይ ይለቀለቃል ይባላል። ይህ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ቃል ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሰማው ሰው ቀለሙን ዳግመኛ እንደ ተራ ቀለም አያየውም።

የዚህ ዘገባ ጉዳይ ያ ቀይ ራሱ ነው። ቀይ አፈርን ቀይ የሚያደርገው ሄማታይት የሚባል የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ሁለት የብረት አቶም ከሦስት የኦክስጅን አቶም ጋር ተጣምረው የሚሠሩት ማዕድን። በአፈር ውስጥ የሚገኘው ሄማታይት በዓይን በሚታይ ድንጋይ መልክ አይቀመጥም። እጅግ ጥቃቅን ክሪስታል ሆኖ በሸክላው ቅንጣት ላይ ይለጠፋል፤ የአንዱ ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ናኖሜትር ነው። ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረቱ ከ50 ሺሕ እስከ 100 ሺሕ ናኖሜትር ይደርሳል። ዛሬ በየዓለሙ ቤተ ሙከራ የብረት ኦክሳይድ ናኖክሪስታል ለመሥራት ውድ ኬሚካልና ምድጃ ይሰለፋል። ተፈጥሮ ግን ይህንኑ ነገር በሐረር ዙሪያ ባለው ማሳ ላይ ስትሠራው ኖራለች። ዓለቱ ሲበሰብስ ብረቱ ይለቀቃል፤ ክረምቱ ያረጥበዋል፤ በጋው ያደርቀዋል፤ ሙቀቱ ውሃውን ያስወጣለታል፤ ከዘመናት በኋላ አፈሩ ይቀላል።

በዚህ አካባቢ ሰው ይህን ቀለም መፈለግ የጀመረው ትናንት አይደለም። ከድሬዳዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ፣ ገደል ላይ የተንጠለጠለ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ፈረንሳዊው ቄስና ተመራማሪ ቴያር ደ ሻርደን ከአንሪ ደ ሞንፍሬድ ጋር ሆኖ በ1929 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው ነው። ከዚያ ዋሻ የወጡት ቀይና ቢጫ የቀለም ድንጋዮች 4,213 ቁርጥራጭ ሲሆኑ ክብደታቸው 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ዳንዬላ ሮሶና ባልደረቦቿ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ የዛሬ 40 ሺሕ ዓመት ግድም በዚያ ዋሻ የነበሩ ሰዎች ለ4,500 ዓመት ያህል ሳያቋርጡ ቀለም ድንጋይ ሲያመጡ፣ ሲፍቁና ሲፈጩ ኖረዋል። ከቀለሙ ጋር መፍጫ ድንጋዮቹም ተገኝተዋል። በዓለም ላይ ከዚያ ዘመን ይህን ያህል ቀለም የተገኘባቸው ቦታዎች በጣም ጥቂት ናቸው፤ የእኛ ሰው ግን ዋሻውን ከነስሙ የማያውቀው ይበዛል። ይህ መታረም አለበት።

ቀይ አፈር ብረት ካለበት ማግኔት ሊስበው ይገባል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ጥቁር ማግኔት ይዤ ወደ ደረቀ ቀይ አፈር ሳስጠጋው ከጥቂት ጥቁር ብናኝ በቀር የተነሳ ነገር አልነበረም። ያንኑ ማግኔት ከጀጎል በሮች አንዱ በሆነው ቡዳ በር አጠገብ ወዳሉት ቀጥቃጮች ዘንድ ስወስደው ሌላ ነገር ሆነ። ወናፉ ይነፋል፤ የጋለው ብረት በጉጠት ተይዞ መስፉ ላይ ይወርዳል፤ መዶሻው ባረፈ ቁጥር ከብረቱ ላይ ጥቁር ቅርፊት ይረግፋል። መሬት ላይ የረገፈው ያ ቅርፊት ማግኔቱ ገና ሳይደርስበት ዘሎ ተለጠፈበት። እሾህ የመሰለ ጥቁር ጠጉር ማግኔቱን ሙሉ አለበሰው።

ጥቁሩ ቅርፊትም የብረት ኦክሳይድ ነው። ከአፈሩ የሚለየው በዋናነት ማግኔታይት የሚባለው ዓይነት ስላለበት ነው፤ ሦስት ብረት ከአራት ኦክስጅን ጋር። በሁለቱ ማዕድናት መካከል ያለው የማግኔት ኃይል ልዩነት ግን የትየለሌ ነው፤ አንድ ግራም ማግኔታይት ከአንድ ግራም ሄማታይት ከ200 እጥፍ በላይ ይበረታል። ምክንያቱ ከአቶሞቹ አሰላለፍ ይመነጫል። እያንዳንዱ የብረት አቶም ራሱ ትንሽ ማግኔት ነው። በሄማታይት ውስጥ አንዱ ረድፍ ወደ ቀኝ ሲመለከት ቀጣዩ ወደ ግራ ይመለከታል፤ ስለዚህ ይጠፋፋሉ። በማግኔታይትም ረድፎቹ ፊት ለፊት ይቃረናሉ፤ ሆኖም የአንዱ ወገን ቁጥርና ጉልበት ከሌላው ስለሚበልጥ ትርፍ ይቀራል። ይህን የመቃረን ሕግ ያብራራው ፈረንሳዊው ሉዊ ኔል ሲሆን በ1970 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

ቀጥቃጮቹን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህች አገር ብረት የሚያቀልጡና የሚቀጠቅጡ ልጆቿን በዓይን ብሌን ስትጠብቃቸው መኖር ሲገባት በጥርጣሬና በስድብ አርቃቸዋለች። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ቢላውን ከእጃቸው እየተቀበለ ከማዕዱ ያገለላቸው ማኅበረሰብ ብዙ ነው። ብረት በስንት ሙቀት ምን ቀለም እንደሚይዝ፣ መቼ እንደሚሰበርና መቼ እንደሚታጠፍ በዓይናቸው የሚያነብቡ እነሱ ናቸው። ብረትና ኦክስጅን እሳት ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ከመጽሐፍ በፊት ያዩትም እነሱ ናቸው።

የቀጥቃጩ እሳት ቀዩን አፈር ራሱን ሊቀይረው ይችላል። ቀይ አፈር ከጥቂት የከሰል ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ፣ በተከደነ ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ ፍም ውስጥ ቢቀበር ሲወጣ ይጠቁራል፤ ማግኔትም ይስበዋል። ከሰሉ ከሄማታይቱ ጥቂት ኦክስጅን ነጥቆ ወደ ማግኔታይት ለውጦታል። ፈረንሳዊው ለ ቦርን በ1955 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው የአፈር የላይኛው ክፍል ከታችኛው ይልቅ ማግኔትነቱ ይበረታል፤ ሲቃጠልም ይብሱን ይጨምራል። ዛሬ አርኪዮሎጂስቶች መሬት ሳይቆፍሩ የጥንት ምድጃና የፈረሰ ቤት የሚያገኙት በዚህ ዕውቀት ነው።

ሦስተኛው የብረት ኦክሳይድ በብዙ ሐረርና ድሬዳዋ ቤት ውስጥ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። አሊ ቢራ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በአማርኛና በሶማልኛ የተጫወታቸው ዘፈኖች በካሴት በተሰሙበት ዘመን ድምፁን የተሸከመው በቡናማው ክር ላይ የተቀባው ማግሄማይት ነበር። የማግሄማይትና የሄማታይት የአቶሞች ምጥጥን ፍጹም አንድ ነው፤ ሁለት ብረት፣ ሦስት ኦክስጅን። አደራደራቸው ብቻ ይለያያል፤ በዚያም ምክንያት አንዱ ደካማ፣ ሌላው ብርቱ ማግኔት ይሆናል። በካሴቱ ላይ ያሉት ክሪስታሎች የመርፌ ቅርጽ ያላቸው ሲሆኑ ርዝመታቸው ግማሽ ማይክሮሜትር ግድም ነው። ድምፁ በመቅጃው ራስ በኩል ሲያልፍ የመርፌዎቹን የማግኔት አቅጣጫ ወዲህና ወዲያ ያዞረዋል፤ እሱም እንደዞረ ይቀራል። አሊ ቢራ በ2015 ዓ.ም. ቢለየንም በዚያን ጊዜ የተቀዳው ድምፅ ዛሬም ከክሩ ላይ ይነበባል።

አቅጣጫው እንደዞረ የመቅረቱ ምሥጢር የክሪስታሎቹ መጠን ላይ ነው፤ የናኖክሪስታል ሳይንስም ሙሉ ክብደቱ እዚህ ላይ ያርፋል። አንድ የማግኔት ቅንጣት አቅጣጫውን ለመገልበጥ የሚሻገረው የኃይል ግርዶሽ አለ። ግርዶሹ ከቅንጣቱ ይዘት ጋር አብሮ ያድጋል። በሌላ በኩል ሙቀት ሁሌም ቅንጣቱን ይነቀንቀዋል። ቅንጣቱ ትልቅ ከሆነ ነቅናቂው አያሸንፈውም። እጅግ ካነሰ ግን የክፍል ሙቀት ብቻ ይበቃዋል፤ ሰሜን የነበረው ደቡብ ይሆናል፤ ወዲያው ይመለሳል፤ ደግሞ ይገለበጣል። ኔል ይህንን በ1949 እ.ኤ.አ. በቀመር አስቀመጠው። ቀመሩ የሚያስደንቀው ይዘቱ በኤክስፖኔንት ውስጥ ስለገባ ነው፤ የስፋት ጥቂት ለውጥ በጊዜ ላይ የማይታመን ልዩነት ያመጣል። ቢንና ሊቪንግስተን በ1959 እ.ኤ.አ. ያሰሉትን ምሳሌ እንውሰድ። ራዲየሷ 11.5 ናኖሜትር የሆነች የብረት ድብልብል በክፍል ሙቀት አቅጣጫዋን የምትይዘው ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል ነው። ራዲየሷ 15 ናኖሜትር ስትሆን ከአንድ ቢሊዮን ሰከንድ በላይ፣ ማለትም ከ30 ዓመት በላይ ትይዘዋለች። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሦስት ናኖሜትር ተኩል ነው።

ከወሰኑ በታች ያሉት ትንንሾቹ ሱፐርፓራማግኔት ይባላሉ። ማግኔት ሲቀርባቸው ሁሉም በአንድነት ይሰለፋሉ፤ ሲርቅ ወዲያው ይበተናሉ፤ ምንም አያስታውሱም። ለማግኔታይት ይህ ወሰን ከ20 እስከ 30 ናኖሜትር አካባቢ ነው። አለማስታወሳቸው ጉድለት ሊመስል ይችላል፤ ለሕክምናና ለውሃ ማጣሪያ ግን የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ማግኔቱ ሲነሳ እርስ በርስ ተሳስበው አይጋገሩም። ለካሴት ደግሞ ተቃራኒው ያስፈልጋል። ስለዚህ ናኖክሪስታል የሚሠራ ሰው ሥራው ሁሉ መጠን ላይ መፍረድ ነው።

እንዴት ይሠራል? በጣም የተለመደው መንገድ ፈረንሳዊው ሬኔ ማሳር በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው ነው። ሁለት ዓይነት የብረት ክሎራይድ ጨው፣ ሦስት ኤሌክትሮን ያጣው ብረት ሁለት እጅ፣ ሁለት ያጣው አንድ እጅ ሆኖ በውሃ ይሟሟል። ውሃው ውስጥ ያለው አየር አስቀድሞ በናይትሮጅን ይባረራል። ከዚያ እየተማሰለ አሞኒያ ወይም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይጨመርበታል። ቢጫ ቡናማ የነበረው ፈሳሽ በቅጽበት ይጠቁራል። ከጠርሙሱ ውጭ ማግኔት ሲደገፍ ጥቁሩ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባል፤ ውሃው ይደፋል፤ ይታጠባል፤ ይደርቃል። ክሪስታሎቹ በአብዛኛው 10 ናኖሜትር ግድም ይሆናሉ። የሚያስቸግረው ሁሉም እኩል አለመሆናቸው ነው፤ አንዱ 6፣ ሌላው 15 ይሆናል፤ ከላይ እንዳየነው ደግሞ ጥቂት ናኖሜትር ማለት በዚህ ዓለም ብዙ ነገር ነው።

ማር ሲረጋ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ብዙ ፍሬ በአንድ ጊዜ ከጀመረ ማሩ እንደ ቅቤ ልስልስ ሆኖ ይረጋል፤ ጥቂት ፍሬ ብቻ ጀምሮ ቀስ እያለ ካደገ ጥርስ ላይ የሚንቀጫቀጭ ሻካራ ይሆናል። የናኖክሪስታል ጥበብም ፍሬው ሁሉ በአንድ ቅጽበት እንዲወለድ፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ሳይወለድ የተወለዱት እኩል እንዲያድጉ ማድረግ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የቴግዋን ሂዮን ቡድን ይህን በሰፊው አሳካው። ብረትን ከኦሊክ አሲድ ጋር አጣምረው በሚፈላ ዘይት መሰል ፈሳሽ ውስጥ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አሞቁት፤ በአንድ ጊዜ 40 ግራም እኩል እኩል የሆነ ናኖክሪስታል አወጡ። በፊት የሚገኘው ሚሊግራም ነበር።

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ 20 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ተመሠረተ፤ ዛሬ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተማሪዎቹ በመመረቂያ ሥራቸው የዚንክ፣ የብረት፣ የቲታኒየም ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶችን ይሠራሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ብረትንና አሉሚኒየምን በአንድነት የያዘ ናኖ ኦክሳይድ ሠርተው ፎስፌትን ከውሃ እንዴት እንደሚይዝ አሳትመዋል። ጉዳዩ ከሩቅ የመጣ አይደለም። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ ኖሮ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደረቀ፤ ሐረር በጄሪካን ሰልፍ ውስጥ ገባች፤ በኋላ ውሃ ከድሬዳዋ አቅጣጫ በረጅም ቧንቧ ተሳበላት። ሐይቁ ዛሬ ውሃ ይዞ ይታያል። ዙሪያውን የጫትና የአትክልት ማሳ ስለከበበው ግን ማዳበሪያው በዝናብ ታጥቦ የሚወርደው ወደ እሱ ነው። ፎስፌት ሲበዛ አረንጓዴ ዝቃጭ ያበቅላል፤ ዝቃጩ ደግሞ ውሃውን ያፍነዋል። እዚያ ሐይቅ ዳር ያለ ዩኒቨርሲቲ ይህን ማጥናቱ ተገቢ ነው።

በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሶ ቅጠል ጭማቂ የመዳብ ናኖ ቅንጣት መሥራት ተችሏል፤ ቅጠሉ ውስጥ ያሉት ቅመሞች የውድ ኬሚካልን ቦታ ተክተው። ይህ መንገድ በድሃ አገር ቤተ ሙከራ ተወዳጅ ነው። እኔ በበኩሌ ተስፋ የማደርግበት በልክ ነው፤ ቅጠል እንደየወቅቱና እንደየቦታው ስለሚለያይ የሚወጣው ክሪስታል መጠንም ይለዋወጣል፤ መጠን ደግሞ ዋናው ጉዳይ ነው።

ከመሥራቱ ይልቅ መለካቱ ይከብዳል። ክሪስታሉ ምን እንደሆነ ኤክስሬይ ይናገራል፤ መጠኑ ከኤክስሬዩ መስመር ውፍረት የሚሰላበትን ቀመር ፓውል ሼረር በ1918 እ.ኤ.አ. አውጥቶታል። ማግኔትነቱን የሚለካው ሳይመን ፎነር በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው መሣሪያ ነው። ናሙናው በሁለት ትልልቅ ማግኔቶች መካከል ይንቀጠቀጣል፤ በአጠገቡ ያለው ሽቦ የሚፈጠረውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ይይዛል። ማግኔቱ እየተጨመረ፣ እየተቀነሰ፣ እየተገለበጠ ሲሄድ በስክሪኑ ላይ አንድ ኩርባ ይሣላል። ኩርባው ሆዱን ከፍቶ ከተመለሰ ቅንጣቶቹ ያስታውሳሉ ማለት ነው፤ በዚያው መስመር ሄዶ ከተመለሰ ሱፐርፓራማግኔት ናቸው። ይህን የመሰለ መሣሪያ በአገራችን ብዙ ስለሌለ ተማሪው በወራት ድካም የሠራውን ዱቄት በትንሽ ብልቃጥ አሽጎ ወደ ውጭ አገር ቤተ ሙከራ ይልካል። ውጤቱ እስኪመጣ ሥራው ይቆማል። አንድ መሣሪያ ለሐረማያ፣ ለድሬዳዋና ለጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ቢገዛ የምሥራቁን ተማሪ ሁሉ ይደርስለታል፤ ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ የባከነ አይሆንም።

ጥቅሙን በጥቂቱ ላንሳ። በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12 ናኖሜትር ግድም የሆኑ የማግኔታይት ክሪስታሎች አርሴኒክን ከመጠጥ ውሃ ይዘው በእጅ በሚያዝ ማግኔት ኃይል ሊወጡ እንደሚችሉ አሳዩ፤ ለባንግላዴሽ ጉድጓዶች ታስቦ ነበር። በእኛ ስምጥ ሸለቆ የልጆችን ጥርስ የሚያበላሸውና አጥንት የሚያጎብጠው ፍሎራይድ ነው፤ የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ለእሱም ይመረመራል። በሕክምናው በኩል በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የፈቀደችው ፌሩሞክሲቶል የተባለው የደም ማነስ መድኃኒት የብረት ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት ነው። በኮቪድ ዘመን የቫይረሱን ዘረመል ከናሙና ለቅሞ ለማውጣት በዓለም ዙሪያ ያገለገሉት ጥቃቅን የማግኔት ዶቃዎችም እምብርታቸው ይኸው ነው።

ወደ ነደባው የሚያመጣኝ ግን ከዚህ ሁሉ ሌላ ነገር ነው።

ሄማታይት ደካማ ማግኔት ነው ብለናል፤ ፈጽሞ ማግኔት አይደለም ግን አላልንም። ተቃራኒዎቹ ረድፎች ሙሉ በሙሉ ፊት ለፊት አይጋጠሙም፤ በጥቂቱ ይዘማሉ። ያ ትንሽ ዝማሜ የሚጠፋፋውን ማግኔትነት በጥቂቱ ያተርፋል። ዝያሎሺንስኪ በሩሲያ፣ ሞሪያ ከጃፓን፣ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960 እ.ኤ.አ. ምክንያቱን አብራሩት። ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ዝማሜው ይጠፋል፤ ሐረር ደግሞ እንዲህ ያለ ብርድ አታውቅም። ስለዚህ በሐረር ግድግዳ ላይ ያለ ሄማታይት ሁሌም ትንሽ ማግኔት ነው። መጠኑ ከ30 ናኖሜትር ወዲያ ላይ ከሆነ ደግሞ አቅጣጫውን እጅግ ረጅም ዘመን ይይዛል።

ቀይ አፈር በውሃ ተበጥብጦ ሲለቀለቅ ክሪስታሎቹ ለጥቂት ጊዜ በእርጥቡ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። በዚያች ጊዜ የምድር ማግኔት ትይዛቸዋለች፤ በጥቂቱ ወደ ሰሜን ይሰለፋሉ። ውሃው ሲተን እንደተሰለፉ ይደርቃሉ። ጣሊያናውያኑ ኪያሪና ላንዛ በ1997 እ.ኤ.አ. በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የግድግዳ ሥዕሎች ላይ ቀዩን ቀለም ለክተው ሥዕሉ በተሣለበት ዘመን የነበረውን የምድር ማግኔት አቅጣጫ አገኙበት። በ2000 እ.ኤ.አ. ዛኔላና ባልደረቦቿ በፖምፔ፣ እሳተ ገሞራ በ79 እ.ኤ.አ. በቀበራት ከተማ፣ ተመሳሳዩን አሳዩ። በሜክሲኮም ከኮሎምበስ በፊት የተሣሉ ግድግዳዎች ተለክተዋል። ናሙናው የሚወሰደው ግድግዳውን በመቆፈር አይደለም፤ አቅጣጫው በጥንቃቄ ከተመዘገበ በኋላ የሚጣበቅ ቴፕ ተለጥፎ ከላይ ያለው ስስ ቀለም ብቻ ይነሳል።

የምድር ማግኔት አቅጣጫ በየዘመኑ ይዋዥቃል። በለንደን ኮምፓስ በ1580 እ.ኤ.አ. ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ 11 ዲግሪ ያመለክት ነበር፤ በ1820 እ.ኤ.አ. ግድም ወደ ምዕራብ 24 ዲግሪ ሄደ። አውሮፓ ይህን የምታውቀው መርከበኞቿና ምሁሮቿ ስለጻፉት ነው። በአፍሪካ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መለካቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት ላለው ግን የሚመሰክርልን ዓለትና ሸክላ ነው። ፕሮፌሰር ተስፋዬ ኪዳኔ ከባልደረቦቻቸው ጋር የአፋርን የእሳተ ገሞራ ዓለቶች ለክተው የስምጥ ሸለቆው ቁራጮች እንዴት እንደዞሩ አሳይተዋል፤ እሱ የሚሊዮን ዓመታት ታሪክ ነው። የመቶ ዓመታቱን ታሪክ ሊሰጠን የሚችለው የሰው እጅ ያደረቀውና ያቃጠለው አፈር ነው። የምድር ማግኔት ወገብ ደግሞ በኢትዮጵያ ያልፋል፤ በሐረር የኮምፓስ መርፌ ወደ መሬት ሳያዘነብል አግድም ይተኛል። ከዚህ ወገብ አጠገብ የሚገኝ እያንዳንዱ የድሮ ልኬት ለዓለም ሁሉ ይፈለጋል።

የጀጎልን ግንብ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሠሩ። በግንቡ ውስጥ ያሉት ቤቶች በየበዓሉና በየሠርጉ ታድሰዋል፤ ነደባው በላይ በላዩ ተለቅልቋል። እያንዳንዱ ልቅልቅ በደረቀበት ዓመት የነበረውን ሰሜን ይዞ ሊሆን ይችላል። እርግጥ ነው፣ እንቅፋት አለ፤ የእጅና የብሩሽ ጫና ክሪስታሎቹን ሊያሰልፍ ይችላል፤ የፈረሰና የተጠገነ ነደባ ያሳስታል፤ አጠገቡ የብረት በር ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ ካለ ያውካል። ፖምፔ ላይ የተቻለው ግን እዚህ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። መጀመሪያ መደረግ ያለበትም ቀላል ነው፤ ዘመኑ በእርግጠኝነት የሚታወቅ አንድ ነደባ መርጦ፣ ውጤቱን የአዲስ አበባ ኦብዘርቫቶሪ ከመዘገበው ጋር ማመሳከር።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። በብዙ ቤት ነደባው እየተፋቀ ሲሚንቶ ይለሰናል፤ በላዩ ከቆርቆሮ የሚወጣ የሚያብረቀርቅ ቀይ የዘይት ቀለም ይቀባል። ባለቤቶቹን መውቀስ አይገባም። የዘይት ቀለም አይለቅም፣ ልብስ አያቆሽሽም፣ በየጊዜው መለቅለቅን ያስቀራል፤ ያን የመለቅለቅ ድካም የቻሉት ደግሞ ሴቶቹ ናቸው። ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትገባ ግንቡ፣ መስጊዶቹና ቤቶቹ ተቆጥረዋል፤ የቤቱ አፈር ግን የሚጠበቅ ቅርስ ሆኖ አልታሰበም። የሚፋቀው ቀለም ግን ከቅርሱ አንዱ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቅርስ ነው፤ ለጨለንቆ መታሰቢያነቱና በውስጡ ሊኖር ለሚችለው የምድር ማግኔት መዝገብ።

ስለዚህ ጥያቄዬን በየስሙ አቀርባለሁ። የሐረሪ ክልል የባህልና የቅርስ ኃላፊዎች የቤት እድሳት ሲፈቅዱ የነደባውን ቀለም ጉዳይ ቢጨምሩበት፤ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ክፍሎች ለአንድ የማስተርስ ተማሪ ይህን ርዕስ ቢሰጡ። ጀጎል ውስጥ ቤት ያላችሁ ወገኖች ደግሞ፣ ነደባችሁን ከማሳደሳችሁ በፊት መዳፍ የምታህል ቦታ ሳትፋቅ ትቅር። መጨረሻ መቼ እንደተለቀለቀች ከሚያውቁት አዛውንት ጠይቃችሁ በወረቀት ላይ ጻፉት፤ ወረቀቱንም ከቤቱ ሰነድ ጋር አስቀምጡት።